ደባልቄ የጎማውን ጀልባ በአውራ ጣቱ እንደ ገዛ

በሰብለወንጌል ወንበር በሦስተኛው ዓመት፣ የአሶሳ ማንጎ እስኪሰለች ወድቆ ፍየል እንኳ አሽትታ በምታልፈው ዘመን፣ ባጃጅ ሁሉ የላስቲክ መጋረጃውን በሚያወርድበት በወርኃ ሰኔ፣ የመንግሥት በጀት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶት የቢሮ ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ ወዳድ በሆነበት ሳምንት፣ ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለደባልቄ፤ ለወልደ ሰፋሪ፣ ለትውልደ አምባ አሥራ ሁለት፣ ለጸዋሬ ጀልባ፣ ለመዋዔ ጎርፍ፣ ለገፋዔ ፒክአፕ፤ ለዚያ ሸክም ሲኖር ሁሉም የሚጠራው፣ ፎቶ ሲነሣ ግን ማንም የማያስታውሰው ሰው።

አባቱ በሰፈራው ዘመን ከወሎ በካሚዮን ተጭኖ የመጣ ነው። ትቶት የመጣው አገር ስም ነበረው፤ ለሠፈረበት መንደር ግን መንግሥት ቁጥር ሰጠው፤ ስለዚህ ደባልቄ «ከየት ነህ» ሲባል ቁጥር የሚመልስ ሰው ሆኖ አደገ። ይህ ያልደረሰበት ሰው ስለ ንቀት ባያወራ ይሻላል። ወእምዝ ንቀቱ እየተከታተለ መጣ። የችግኝ ተከላ በዓል በሆነ ጊዜ ችግኙን ከመኪና አውርዶ፣ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ውኃውን ተሸክሞ ሲያበቃ፣ ለፎቶው «አንተ ወንድም፣ ትንሽ ፈቀቅ በል» ተባለ፤ ፈቀቅም አለ። ድልድዩ በተመረቀ ጊዜ ሪባኑን በአንድ ወገን ወጥሮ እንዲይዝ ተደረገ፤ በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ የወጣው ግን እጁ ብቻ ነው፤ ይህንንም እጅ አገኘሁሽ ሚስቱ ለእንግዳ ሁሉ እያሳየች «ይቺ የባሌ ናት» ትል ነበር፤ እንግዳውም «የማን እጅ እንደሆነ በምን ይታወቃል» እያለ ይሄድ ነበር።

በዚያም ዘመን በአሶሳ የዱርና የወንዝ ጉዞ ማስተባበሪያ የሚባል ጽሕፈት ቤት ነበረ፤ ግዛቱም ሁለት ክፍል፣ አንድ ፒክአፕና ግድግዳ ሙሉ ካርታ ነበር። የወንበሩ ባለቤት ክብርት ወይዘሮ ሰብለወንጌል ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ስብሰባ የማያልቅባቸው፣ ጃንጥላቸውን ለማንም የማያስይዙ። ከእሳቸው ቀጥሎ ባለሙያው ሰራዊት ነበረ፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ዝናብ ሲጥል እንኳ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ፣ ከስክስ ጫማው ኮረብታ ሳይረግጥ በኮሪደር ያረጀ። እነዚህም ተቀምጠው መከሩ፤ ከሩቅ አገር ሰው ተነሥቶ ተራራ ሊወጣ፣ ገደል ሊወርድ፣ ወንዝ ሊቀዝፍ፣ ባጭሩ ደህና አድርጎ ሊፈራ ብሎ ይመጣልና መዳረሻ እንክፈትለት ተባባሉ። በአምባ አሥራ ሁለት ሰው ለመፍራት ሩቅ አይሄድም፤ ነፋስ ሲነሣ ከገዛ ጣሪያው ሥር ቁጭ ይላል። ቢሆንም ታላቅ አሳብ ነው ተባለ።

በጥር ቢሆን ኖሮ ውኃው ረግቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሰማዩም ጠርቶ ነበር፤ ነገር ግን በጥር በጀቱ አልተለቀቀም። በሰኔ ተለቀቀ፤ ሰኔ ሳያልቅም ማለቅ ነበረበት። ስለዚህ ተራራውም፣ ገደሉም፣ ወንዙም በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ፒክአፕ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ ይከፈቱ ዘንድ ተቆረጠ።

ለወንዙ የተገዛው ጀልባ የጎማ ነበር፤ የሚነፋ፣ ቀይ፣ ታጥፎ ሲታሰር የታረደ ወይፈን የሚያህል። ፒክአፑ እስከ ወንዙ ዳር ስለማይደርስ ተሸካሚ ተፈለገ፤ ሰራዊትም እስከ አምባ አሥራ ሁለት መጥቶ በወፍጮ ቤቱ ፊት ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ጀልባውን ወንዝ ዳር ያደረሰ ሰው በጀልባው ይሻገራል! ከክብርት ጋር፣ እኩል፣ ቁጭ ብሎ! ካሜራ አለ!»

ደባልቄም «ቁጭ ብሎ» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ ልቡ እንደ ፌንጣ ዘለለች፤ በዕድሜው ሙሉ በመንግሥት መኪና ኋላ ቆሞ እንጂ ተቀምጦ ሄዶ አያውቅምና። እጁን አወጣ፤ ሌላ እጅ ያወጣ ስላልነበረ ተመረጠ። አገኘሁሽም የያዘችውን ዱቄት መሬት አስቀምጣ አዋጅ አስነገረች፦ «ኧረ ሰዎች ስሙኝ! የኔው ደባልቄ ቅዳሜ ጀልባ ላይ ቁጭ ይላል! ያላመነ ወንዝ ዳር ወርዶ ዓይኑን አብሶ ይይ!» የወፍጮው ባለቤት ሞላ ግን፣ ሰው ሲደሰት ጥርሱን የሚያመው ሞላ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ጮኾ መለሰ፦ «ደባልቄማ ጀልባው ላይ አይቀመጥም፤ ጀልባው ነው ደባልቄ ላይ የሚቀመጠው!» ሕዝቡም ሳቀ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ሁሉ በአንድ ወንበር ላይ ተንጠለጠለ፤ ደባልቄ በጀልባው ተቀምጦ ከታየ ሰው ነው፤ ካልታየ ግን እህል ሊያስፈጭ እንኳ ወደዚያ ወፍጮ ቤት ፊቱን ይዞ መሄድ አይችልም።

ወበይእቲ ዕለት ማልዶ ታጠቀ። በእግሩ ኮንጎ ጫማ አደረገ፤ አንደኛው ማሰሪያው የተቆረጠውን በሽቦ ጠፈረው። የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ ለክብርት፣ ለሰራዊትና ለካሜራ ባለሙያው ለቴዎ ብቻ ስለበቃ፣ እርሱ ቢጫ ጄሪካን ባዶውን በጀርባው አሰረ፤ ለራሱም ከግንበኛ ጎረቤቱ የሥራ ቆብ ተዋሰ፤ ቆቡም ሰፊ ነበረና እስከ ቅንድቡ ድረስ ወርዶ ፊቱን ጋረደው፤ እርሱ ግን ግርማ ሰጠኝ አለ።

የዘመቻውም ሠራዊት ይህ ነበር። በጋቢናው ክብርት ከነጃንጥላቸው፣ ሰራዊት ከነመነጽሩ። በኋላው ቴዎ ከነካሜራው፤ የዙምባራ ነፊዎች አለቃ ሰዳም ከነሰዎቹ፣ ረዣዥም መለከቶቻቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው፤ የታሸገ ውኃ በካርቶን፤ ለምሳ የታሰበች አንዲት ፍየል፤ በሁለት ዘንግ የተወጠረ፣ «ኑ፣ ዱሩን ድፈሩ!» የሚል ባነር፤ ጀልባው፤ ከሁሉ በታች ደባልቄ። ዝናብ በጀመረ ጊዜ ሸራው አልበቃም፤ ባነሩ ቀለሙ እንዳይለቅ ተሸፈነ፤ ፍየሊቱ እንዳትታመም ተሸፈነች፤ ደባልቄ ቆብ አለው ተባለ።

በቅድሚያ ተራራው ተከፈተ። ይኸውም የስልክ አንቴና የተተከለበት ጉብታ ነው። ፒክአፑ ግማሽ መንገድ ላይ በቀይ ጭቃ ተይዞ ጎማው ሲሽከረከር፣ ክብርት ከጋቢና ሳይወርዱ፣ ሰራዊት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አወጀ፦ «ደባልቄ፣ አይዞህ! ከታች ነው ኃይሉ!» ደባልቄም ትከሻውን ሰጥቶ፣ ጭቃውን በአፍም በአፍንጫም ተቀብሎ፣ ፒክአፑን እስከ ጫፍ ገፋ። ከላይ በደረሰ ጊዜ ፎቶው አልቆ ነበር። እንግዲህ ያን ዕለት ተራራ የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ ሌሎቹ በናፍጣ ነው የወጡት።

ሁለተኛም ገደሉ ተከፈተ። ገመድ የሚታሰርበት ዛፍ በአጠገቡ አልነበረም፤ ስለዚህ ደባልቄ ዛፍ ሆኖ ተመደበ፤ ገመዱ በወገቡ ተጠመጠመ፣ ተረከዙንም ድንጋይ ላይ ተከለ። ሰራዊትም መስቀለኛ መታጠቂያውን ለብሶ አንድ ሰው ቁመት ያህል ወረደና እግሩ የመጀመሪያውን እርከን ሲነካ «ቴዎ፣ አነሣኸኝ?» ብሎ ጮኸ፤ ተነሥቷል በተባለ ጊዜም ተመልሶ ወጣ። ሲወጣ የደባልቄን ወገብ እንደ ውኃ ጉድጓድ ገመድ ሳበው። በፎቶው ውስጥ ሰራዊት ታየ፣ ገደሉ ታየ፣ ገመዱም ታየ፤ ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልታየም። ደባልቄም በልቡ፦ ግድ የለም፣ የኔ ወንበር ወንዙ ላይ ነው አለ።

ወእምዝ ወደ ወንዙ ወረዱ። ይህ ወንዝ ወደ ዳቡስ የሚሄድ ነው፤ ከማዶው አምባ አሥራ ሁለት አለ። ደባልቄ ጀልባውን በጫንቃው ተሸክሞ በቀርከሃው መካከል ሲወርድ፣ ከማዶ ያለውን ሕዝብ አየ፤ ሽማግሌው በሙሉ፣ ሴቱ በሙሉ፣ ሞላ ወፍጮውን ዘግቶ፣ አገኘሁሽም አዲስ ሻሿን አስራ ከፊት ቆማ። ውኃው ከዝናቡ የተነሣ እንደ ቀይ ወጥ ደፍርሶ ነበር፤ ክብርትና ሰራዊትም ባዩት ጊዜ ወኮነ ዐቢይ ፍርሃት። ደባልቄ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ወንዝ ሱሪውን ሰብስቦ በእግሩ ሲሻገረው ኖሯል፤ ዛሬም ጧት ሲመጣ በእግሩ ነው የተሻገረው። ነገር ግን በእግር መሻገር መሻገር አይደለም፤ ማንም ቁጭ ብሎ ሲሻገር አያይህምና።

ጀልባው በተዘረጋ ጊዜ አራት ሰው እንደሚይዝ በጎኑ ተጽፎ ተገኘ። ሰራዊትም ቦታ ሲደለድል፦ ክብርት አንድ፣ እኔ ሁለት፣ ቴዎ ሦስት አለ፤ ደባልቄም ጄሪካኑን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ቀረበ። በዚያን ጊዜ ሰራዊት አራተኛውን ቦታ ለባነሩ ሰጠ። እንዲህም አወጀ፦ «ያለ ባነር ምረቃ የለም! ዘንጉ ረጅም ስለሆነ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል። ደባልቄ፣ አንተ የአካባቢው ሰው ነህ፣ ሁልጊዜ ታየዋለህ!»

ኦ አንባቢ፣ ሰው በሰው ተበልጦ ያውቃል፤ በዘመድ ይበለጣል፣ በተማረ ይበለጣል፣ ሆዱ እያወቀ ዝም ይላል። በጨርቅ መበለጥ ግን ወዴት ይወሰዳል? ደባልቄ ፈቀቅ አለ። በተዘረጋው ጎማ ራስጌ ሄዶ ተቀመጠ፣ አገጩን በጉልበቱ ላይ አሳረፈ፣ ወደ ማዶም ላለማየት ቆቡን ይበልጥ አወረደው።

ወበይእቲ ሰዓት ሌላ ነገር ተሰማ፤ መንፊያው አልመጣም። ጀልባው ከንብረት ክፍል ሲወጣ መንፊያው በሌላ ክፍል ተቆልፎበት ቀርቷል፤ ቁልፉ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ኪስ ነው፤ ሠራተኛው ባምባሲ ለቅሶ ላይ ነው። ክብርት ሰማዩን አዩ፤ ደመናው ሆዱን አሳብጦ እየመጣ ነው። በጀቱን አሰቡ፤ እሱም እየሄደ ነው። «አንድ ነገር ይደረግ!» ሲሉ አወጁ፤ ይህም በወንበራቸው ዘመን ሁሉ ብዙ ጊዜ ያወጁት አዋጅ ነው።

ያን ጊዜ ሰዳም ተነሣ። ዙምባራ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። ስለዚህ የሰዳም ሰዎች ከተራቸው ውጭ ማስነጠስ እንኳ አይወዱም። ሰዳምም እንዲህ አወጀ፦ «ያላ! ጀልባ እሱም ዙምባራ ነው፣ ትልቅ ዙምባራ! ሁሉም ሰው በተራ ይነፋል። ማንም ሁለቴ አይነፋም፤ ወላሂ ዜማ ይበላሻል!»

መለከቶቻቸውን በሣር ላይ አስተኝተው ጀልባውን መዞር ጀመሩ፤ እግራቸው በአንድ ላይ ይረግጣል፣ ተራው የደረሰ ጎንበስ ይላል፣ በቀዳዳው አንድ ጊዜ ይነፋል፣ ቀና ይላል፣ ያልፋል፤ ቀጣዩም እየረገጠ ይመጣል። እጅግ ያማረ ነገር ነበረ፤ ቴዎም ሳይታዘዝ ቀረጸ። ነገር ግን አንዱ ነፍቶ እስኪያልፍና ሌላው እስኪደርስ ድረስ ጀልባው የተሰጠውን ትንፋሽ መልሶ ያስወጣው ነበር፤ ያስወጣውም በቀዳዳው ራስጌ ወደተቀመጠው ወደ ደባልቄ ፊት ነበር። በጨርቅ የተበለጠ ሰው ላይ ደግሞ ጎማ ይተነፍስበታል! ደባልቄም ታገሠ፣ ታገሠ፣ በመጨረሻ ምርር ብሎት ያን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፈነው።

ወእምዝ ጀልባው ትንፋሹን ያዘ። ተራው የደረሰው ነፊ ጎንበስ ሲል ደባልቄ ጣቱን ያነሣል፤ ቀና ሲል ይከድናል፤ እርሱም ሳያስበው ከዜማው ገባ። ጀልባው ከመሬት ተነሣ፤ ጎኑ ሞላ፤ ደረቱ ቀና አለ፤ እንደ ተሾመ ሰው ሆነ። ከማዶም እልልታ ተሰማ።

አሁን የቀረው ክዳኑ ነው። ክዳኑ በክር ታስሮ በቀዳዳው አጠገብ ተንጠልጥሎ ነበር፤ በተፈለገ ጊዜ ክሩ ብቻ ተገኘ። በዚህ ነገር ምቀኞች ብዙ ያወራሉ፤ ደባልቄ ጎንበስ ብሎ ኮንጎ ጫማውን ሲያስተካክል አየነው፣ ከዚያም በኋላ ሲያነክስ አየነው የሚሉ አሉ። ይህ የወፍጮ ቤት ወሬ ነው፤ በዜና መዋዕል አይጻፍም። ክዳኑ በገዛ ፈቃዱ ሄደ።

ሰራዊት የበቆሎ ቆረቆንዳ ሞከረ፤ ወጥቶ ተፈናጠረ። ፌስታል ጠቅልሎ ሞከረ፤ ፌስታሉ እንደ ፊኛ ተነፋ። የገዛ አውራ ጣቱን ሞከረ፤ በብዕር የኖረ ጣት ነውና ቀጠነ፣ አየሩም በጎኑ አፏጨበት። የደባልቄ ጣት ግን በመቆፈሪያና በሸክም የወፈረች፣ ለዚያች ቀዳዳ የተፈጠረች ነበረች። ያን ጊዜ ደባልቄ፣ በዕድሜው አዋጅ ሲሰማ እንጂ አውጆ የማያውቅ ሰው፣ ቆቡን በግራ እጁ ገፋ አድርጎ አወጀ፦ «ጣቴ ያለችበት እኔ አለሁ! እኔን ያስወረደ አየሩን አስወረደ! ጀልባው ይተኛል፣ በጀቱ ይዘጋል፣ እኔም በእግሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ!»

 ሰራዊት መነጽሩን አወለቀ፤ በዘመኑ ሲያወልቅ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ክብርትም ጣቲቱን አዩ፣ ደመናውን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያም ፈረዱ፦ «ይግባ። ባነሩንም እሱ ይያዝ።»

ስለዚህ ገባ። ቀዳዳው ከጀልባው ወለል አጠገብ ነበረና በደረቱ ተኝቶ ቀኝ እጁን ወደ ቀዳዳው ሰደደ፤ በግራ እጁ የባነሩን ዘንግ ይዞ አቆመው፤ ክብርት ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊት ተቀመጡ፤ ቴዎ ካሜራውን በላስቲክ ጠቀለለ፤ ሰራዊት መቅዘፊያውን ያዘ። የሰዳምም ሰዎች መለከታቸውን አንሥተው በጀልባው ግራና ቀኝ በውኃው ውስጥ እየነፉ በእግራቸው አጀቡ፤ ውኃውም እስከ ጉልበታቸው ደረሰ፤ ጀልባውንም ይቀድሙት ስለነበረ እየቆሙ ይጠብቁት ነበር።

ሰራዊት በአንድ ወገን ብቻ ይቀዝፍ ነበርና ጀልባው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዞረ። ክብርት «ወደፊት!» ሲሉ ወደ ጎን ሄደ፤ «ተው!» ሲሉ ወደ ኋላ ሄደ። በዞረም ጊዜ ለአምባ አሥራ ሁለት ሕዝብ የታየው ቢጫ ጄሪካን፣ ቆብና በሽቦ የተጠፈረ ኮንጎ ጫማ ነበር። ሞላም ይህን አይቶ በሁለት እጁ አፉን ከቦ አወጀ፦ «ቁጭ ይላል የተባለው ሰውዬ የታለ? እኔ የማየው ተረከዝ ነው! ዕቃ ነው የጫኑት!» ሕዝቡም ማጉረምረም ጀመረ፤ ያ ዕቃ ነው፣ አይደለም ሰው ነው፣ ሰውስ ቢሆን ደባልቄ ነው ወይ ተባለ።

ይህ ሁሉ ለደባልቄ በጎማው ውስጥ ተሰማው። ጉንጩ እርጥብ ወለል ላይ ተለጥፎ፣ ጣቱ ደንዝዞ፣ የክብርት ጫማ ክርኑን እየረገጠው፣ በልቡ፦ ገብቼም አልገባሁም ማለት ነው አለ። በዚያን ጊዜ የአገኘሁሽ ድምፅ ከዙምባራው ሁሉ በላይ መጣ፦ «አንተ ደባልቄ! በእናትህ ቀና በል! ፊትህን አሳያቸው!»

ወሶበ ሰምዐ ቃላ፣ ጉልበቱን አጠፈ፤ ጀልባው ተንገዳገደ፤ ክብርት «ኧረ ሰውዬ!» አሉ፤ እርሱ ግን ጣቱን ከቀዳዳው ሳያነሣ፣ ዘንጉንም ሳይለቅ፣ ቀስ በቀስ ራሱን አቃና፣ ዞረ፣ ቁጭ አለ። ቁጭ አለ! በመንግሥት ጀልባ፣ ከወንበሩ ባለቤት ጋር እኩል፣ በሰፊ ውኃ ላይ፣ ፊቱን ወደ አምባው አድርጎ ቁጭ አለ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን አበሱ። ሞላ ግን በቃኝ አይልም፦ «ቆብ የለበሰ ሁሉ ደባልቄ ነው እንዴ! እሱ ከሆነ እጁን ያውለብልብ!»

እዚህ ላይ ነገሩ ከበደ። ደባልቄ እጁ ሁለት ብቻ ነው። የግራውን ቢለቅ ባነሩ ከነዘንጉ የሚወድቀው በክብርት ራስ ላይ ነው። የቀኙን ቢለቅ አየሩ ይሄዳል። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፤ ከዚያም ወደ ማዶ አየ። አገኘሁሽ እጇን አንሥታ እየጠበቀችው ነበር፤ ሁልጊዜ በግድግዳ ላይ የምታየው እጅ ባለቤት እንዳለው ልታይ።

ቀኙን አነሣ።

ከፍ አድርጎ አነሣ፤ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ እንደሚጠራ ሳይሆን እንደሚሰናበት ንጉሥ፣ ግራና ቀኝ አውለበለበ። አምባ አሥራ ሁለት በእልልታ ተናጋ። ጀልባውም ድምፅ አወጣ፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ የማያፍር ድምፅ። የሰዳም ሰዎች አንድ ድምፅ በሰሙ ጊዜ ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ ያውቃሉና፣ ባለ ተራው መለሰ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ሌላውም ቀጠለ፤ ዞሮም ወደ ጀልባው በደረሰ ጊዜ ጀልባው ተራውን ጠብቆ እንደገና ነፋ። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ድረስ ዜማው ሳይበላሽ ሄደ። ሰዳም ከዚያ በኋላ እንደመሰከረው፣ ጀልባ እሱ ጥሩ ድምፅ አለው፤ ግን ቶሎ ይደክማል።

አየሩ ባለቀ ጊዜ ክብርት ወይዘሮ ሰብለወንጌል ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ በወንዙ መካከል ቆመው ተገኙ፤ ውኃው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ሰራዊት መቅዘፊያውን አሁንም እየቀዘፈ ነበር። ቴዎ ካሜራውን በራሱ ላይ ተሸክሟል። ባነሩም ከዘንጉ ተፈታ፣ ወደ ዳቡስ አቅጣጫ ወረደ፤ «ኑ፣ ዱሩን ድፈሩ!» እያለ ዓሣውን ሁሉ እየጋበዘ ሄደ። ክብርት ወደ ታች አዩ፣ ወደ ሕዝቡም አዩ፤ ሕዝቡ አሁንም እልል ይላል። አስተዋይ ሰው ናቸውና በዚያው በቆሙበት አወጁ፦ «ይህ መዳረሻ ከዛሬ ጀምሮ በእግር ሊሻገሩት የሚቻል ወንዝ ተብሎ ተመርቋል! ደባልቄ ግን ዳግመኛ ጀልባ እንዳይነካ!»

ይህም ሁለተኛው አዋጅ ለደባልቄ በጆሮው አልገባም። እርሱ ቀድሞ ማዶ ደርሷል፤ ጄሪካኑ በጀርባው ይደልቃል፣ ቆቡን ወንዙ ወስዶታል፣ ፊቱ ለሁሉ ይታያል። አገኘሁሽ ሻሿን ፈትታ ራሱን አደረቀችለትና ለሕዝቡ ሁሉ አወጀች፦ «አያችሁ አይደል? ያላየ ካለ ይናገር!» ሞላም ዙሪያውን አየ፣ የሚደግፈው አጣ፣ ጉሮሮውንም ጠርጎ፦ «ተቀምጧል፤ አልዋሽም፣ ተቀምጧል» አለ፤ ይህን ሲል ጥርሱን በጣም እንዳመመው በፊቱ ታወቀ።

ጽሕፈት ቤቱ በላከው ዘገባ ወንዙን የከፈቱት ክብርትና ሰራዊት ናቸው፤ ደባልቄ የሚባል ሰው የለበትም። ይላኩ! ዘገባ የሚያነበው ዘገባ የሚጽፈው ነው። እኛ ግን እንላለን፦ ኦ ደባልቄ፣ ሊቀ ነፋኅያን፣ ከዳኔ ቀዳዳ፣ ፀሐየ አምባ አሥራ ሁለት፣ በናፍጣ ሳይሆን በትከሻ ተራራ የወጣህ፣ በገደል አፋፍ እንደ ዋርካ የተተከልህ፣ አውራ ጣትህ አትድከም፣ ጫንቃህ አይጉበጥ፣ የናቀህ ሁሉ ዝናብ ላይ ይዋል! ወንዝ የተሻገረ ብዙ ነው፤ በጀልባም በእግርም። አለቃን፣ ባነርን፣ በጀትንና የመንግሥትን ትንፋሽ በአንዲት አውራ ጣት ሥር ይዞ፣ ሚስቱ እጇን ባነሣች ጊዜ ግን ሁሉንም የለቀቀ ደባልቄ ብቻ ነው።